መንግሥት እጁን ይሰብስብ ወይስ እጁን ይዘርጋ? ለአንድ የትራክ ሹፌር የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ ቨርጂኒያ የምኖር የትራክ ሹፌር ነኝ። ስድስት ዓመት ለሰው ከነዳሁ በኋላ አምና የራሴን ትራክ ገዛሁ። ዘንድሮ ታክስ ሳሠራ የወጣብኝን ሳይ ራሴን አመመኝ። አንድ ጓደኛዬ ‹መንግሥት ፖሊስ፣ ፍርድ ቤትና ጦር ሠራዊት ብቻ ይያዝ፤ ሌላው ሁሉ ከሚሠራ ሰው ነጥቆ ለማይሠራ መስጠት ነው› ይላል። ትልልቅ ኩባንያዎችንም ገበያው ራሱ ይቀጣቸዋል ባይ ነው። እህቴ ሆስፒታል ትሠራለች። ‹ድጎማና ቁጥጥር ባይኖር ድሃው በር ላይ ይሞት ነበር› ብላ ባለፈው እሁድ ቡና ላይ ተጣሉ። እኔ መሀል ቀረሁ። በኢኮኖሚክስ ማንኛቸው ናቸው ልክ?»

ምላሽ፦ ወንድሜ፣ በመጀመሪያ ለትራኩ እንኳን ደስ አለህ። ስድስት ዓመት የሰው መኪና ነድቶ የራስን ቁልፍ መያዝ ቀላል አይደለም።

እኔ ኢኮኖሚክስ ተምሬ፣ ጥቂት ዓመት አስተምሬያለሁ። ላለፉት 15 ዓመታት ደግሞ እዚሁ አካባቢ የሹፌሮችንና የትንንሽ ንግድ ቤቶችን ታክስ እሠራለሁ። ይህን ክርክር ክፍል ውስጥም ሰምቼዋለሁ፤ ጠረጴዛዬ ፊት ለፊት ከተቀመጠ ሰውም ሰምቼዋለሁ። ዓመቶቹን የምጽፍልህ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። በእኛ ሲሆን እነግርሃለሁ።

ቁርጡን አስቀድሜ ልንገርህ። ጓደኛህ ከሚጠላቸው ሕጎች ውስጥ በእርግጥ መጥፎ የሆኑ አሉ። ከእነሱ ተነስቶ የደረሰበት ድምዳሜ ግን ስህተት ነው። እህትህ ለእውነቱ ትቀርባለች። እሷም ግን ያላየችው ነገር አለ። ያጣላቸው ጥያቄው ራሱ ይመስለኛል። «መንግሥት ትልቅ ይሁን ወይስ ትንሽ?» ብለን ከጀመርን እስከ ማታ ብንከራከር አንግባባም። እኔ አንድ ሕግ ሲመጣ የምጠይቀው ሌላ ነው፦ ይህ ሕግ ማንን ከማን ይጠብቃል? አንዳንዱ ደካማውን ከጉልበተኛው ይጠብቃል። አንዳንዱ ደግሞ ጉልበተኛውን ከአዲስ ተወዳዳሪ ይጠብቃል። ሁለቱም ስማቸው ቁጥጥር ነው።

ጓደኛህ ለምን እንደዚያ እንደሚያስብ ይገባኛል። እኛ መንግሥትን መፍራት የተማርነው በኑሮ ነው። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር ደርግ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ወረሰ። ሁለት ቤት ሠርተው አንዱን እያከራዩ ልጅ የሚያሳድጉ እናቶች ነበሩ። አንዱ ቀረላቸው፤ ሁለተኛው ተወሰደ። ኪራዩ ከመቶ ብር በታች የሆነው ቤት ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆነው ለኪራይ ቤቶች ሄደ። ገበሬው ደግሞ ለእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት መንግሥት በቆረጠው ዋጋ ኮታ ያስገባ ነበር። ምርቱ ሳይበቃው ሲቀር ከገበያ በውድ ገዝቶ በርካሽ ያስረከበ ብዙ ነው። ይህን ያየ ሰው፣ ወይም ይህን ካየ አባት የተወለደ ሰው፣ «መንግሥት ሊረዳህ ነው» ሲሉት ቢሸሽ አይፈረድበትም።

ግን አንድ ነገር ልብ በል። ያኔ የጎዳን የመንግሥት መግዘፍ ብቻ አልነበረም። ያቺ እናት የምትከስበት ፍርድ ቤት አልነበራትም። በደሏን የሚጽፍላት ጋዜጣ አልነበረም። በድምጿ የምታወርደው ሹም አልነበረም። አሜሪካ ውስጥ ስለ መንግሥት ስንከራከር ይህን ልዩነት ይዘን መሆን አለበት። አለዚያ ደርግን እየተሟገትን ሜዲኬርን፣ የአረጋውያኑን የጤና መድን፣ እንመታለን።

አሁን ጓደኛህ ልክ የሆነበትን ላሳይህ። ምሳሌው ከራስህ ሙያ ነው።

በ1970 ይህን ትራክ ገዝተህ ቢሆን ኖሮ እንዲሁ ተነስተህ ሎድ (ጭነት) ይዘህ ከቨርጂኒያ ወደ ኦሃዮ መሄድ አትችልም ነበር። ከ1935 ጀምሮ የትራክ ጭነት በኢንተርስቴት ኮሜርስ ኮሚሽን ሥር ነበር። ይህ መሥሪያ ቤት በ1887 የተቋቋመው ባቡሮችን ለመቆጣጠር ነው፤ ትራክ የተጨመረለት በኋላ ነው። ፈቃድ ለማግኘት «ሕዝቡ የእኔን አገልግሎት ይፈልጋል» ብለህ ማስረዳት ነበረብህ። በዚያ መስመር ላይ የሚሠሩት ኩባንያዎች ደግሞ ቀርበው «አይ፣ እኛ እንበቃለን» ማለት ይችሉ ነበር። አስበው፤ ሱቅ ልትከፍት ስትል ጎረቤትህ ያለው ባለሱቅ ይፈቀድለት አይፈቀድለት ተብሎ ይጠየቃል። ፈቃዱ ቢሰጥህም የምትሄድበትን መንገድና የምትጭነውን ዕቃ ለይቶ ይነግርሃል። ዕቃ አድርሰህ ስትመለስ ሌላ ዕቃ የመጫን ፈቃድ ከሌለህ ባዶህን ትመለሳለህ። የጭነት ዋጋውንም ኩባንያዎቹ ተሰብስበው ይቆርጡ ነበር፤ ሕጉም ይህን ይፈቅድላቸው ነበር።

ያ ቁጥጥር ማንን ከማን ይጠብቅ ነበር? ነባሩን ከአንተ።

ይህን አጥር ያፈረሰው በ1980 የወጣው ሕግ ነው። የፈረሙት ዲሞክራቱ ጂሚ ካርተር ናቸው። ሴናተር ኤድዋርድ ኬኔዲም በብርቱ ገፍተውበታል። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ የአውሮፕላን ቲኬት ዋጋ ከመንግሥት እጅ ወጥቶ ነበር። ስለዚህ «ቁጥጥር ይነሳ» ማለት የአንድ ፓርቲ ንብረት አይደለም። ጓደኛህ ይህን ካነሳ ልክ ነው በለው። አንተ ዛሬ ባለትራክ የሆንከው ያ አጥር ስለፈረሰ ነው።

የጸጉር ሹሩባን ነገርም ልጨምርልህ። በብዙ ስቴቶች ሹሩባ ሠርታ የምትኖር ሴት የውበት ሳሎን ላይሰንስ እንድታወጣ ትገደድ ነበር። አዮዋ ውስጥ ትምህርቱ 2,100 ሰዓት ነበር። ከዚያ ውስጥ ስለ ሹሩባ የሚያስተምረው ከምንም አይቆጠርም፤ አብዛኛው ኬሚካልና መቀስ ነው። እናቷ ጭን ላይ ተቀምጣ የተማረችውን ሙያ ለመሥራት በሺህ የሚቆጠር ዶላር ትክፈል ማለት ነው። ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ሹሩባ የሚሠሩ ሰዎች ከተማውን ከሰው በ1990ዎቹ መጀመሪያ ሕጉ ተቀየረላቸው። ከዚያ በኋላ ብዙ ስቴቶች ተከትለዋል።

የኒው ዮርክ ታክሲ ደግሞ ከሁሉም ያሳዝነኛል። ከተማው የታክሲውን ቁጥር ወስኖ ሜዳሊየን የሚባለውን ፈቃድ በጨረታ ይሸጥ ነበር። ዋጋው በ2014 አካባቢ ከአንድ ሚሊዮን ዶላር በላይ ደረሰ። ከባንግላዴሽ፣ ከሄይቲ፣ ከአፍሪካ የመጡ ሹፌሮች ቤታቸውን እያስያዙ ተበደሩ። ከተማው ራሱ ጥሩ ኢንቨስትመንት ነው እያለ ሸጠላቸው። ኡበርና ሊፍት ሲመጡ ዋጋው ተናደ። በ2018 በርካታ ሹፌሮች ራሳቸውን አጠፉ። በ2021 ሹፌሮቹ የረሃብ አድማ ካደረጉ በኋላ ነው ብድሩ ወደ 200,000 ዶላር ዝቅ እንዲል ስምምነት የተደረሰው። መንግሥት ፈቃድ ሲያስወድድ ገንዘብ ሰበሰበ፤ ሲረክስ ግን ሸክሙ ሹፌሩ ጫንቃ ላይ ቀረ።

እንግዲህ ጓደኛህ እዚህ ድረስ አሸንፏል። ችግሩ ከዚህ ቀጥሎ ነው።

በ1980 አጥሩ ሲፈርስ ጭነት ረከሰ፤ ወደ ሥራው የሚገባውም በዛ። የሹፌሩ ደሞዝ ግን ኑሮ ሲወደድ አብሮ አልሄደም። የሠራተኛ ማኅበሩም ተዳከመ። እስከ ዛሬ ድረስ ከስቴት ስቴት የሚነዳ ሹፌር ከ40 ሰዓት በላይ ሲሠራ የሚታሰበው የፌዴራል ኦቨርታይም አይመለከተውም፤ በ1938 ሕጉ ሲወጣ ጀምሮ ተገልሏል። ጓደኛህ «ኢኤልዲው (የመንዳት ሰዓት መዝጋቢው መሣሪያ) አሳበደኝ» ይልህ ይሆናል። እውነት ነው፣ መጋዘን በር ላይ አራት ሰዓት ሲያስጠብቁህ የቀኑ የ14 ሰዓት የሥራ ገደብ ይቆጥራል፤ ለጥበቃው የሚከፍልህ ግን የለም። ይህ መስተካከል ያለበት ነገር ነው። ነገር ግን ያ የ11 ሰዓት የመንዳት ገደብ ማንን ከማን ነው የሚጠብቀው? ዲስፓቸሩ ሌሊት ደውሎ «ነገ ጠዋት ስድስት ሰዓት ቺካጎ ካልደረስክ ሌላ ሎድ አታገኝም» ሲልህ «ሎጌ አልቋል» ብለህ ስልክ የምትዘጋው በዚያ ገደብ ነው። ከ2016 ጀምሮ ሹፌርን ከሰዓቱ በላይ ንዳ ብሎ ማስገደድ ለኩባንያም፣ ለብሮከርም፣ ለዕቃው ባለቤትም በሕግ የተከለከለ ነው። ገደቡ ባይኖር አንተ እንቢ ስትል እሺ የሚል እንቅልፉን ያላገኘ ሌላ ሰው ይገኛል። እሱም ያው በአንተ መንገድ ላይ ነው የሚነዳው።

ብሮከሩን፣ ጭነት የሚያገናኘውን ደላላ፣ ደግሞ አስብ። እንበልና የዕቃው ባለቤት ለአንድ ሎድ 2,400 ዶላር ከፈለ፤ ለአንተ የመጣው ወረቀት ግን 1,500 ይላል። መሀል ላይ ስንት እንደቀረ ታውቃለህ? የፌዴራሉ ደንብ የዚያን ሎድ መዝገብ የማየት መብት አለህ ይላል። ስንቱ ሹፌር ያውቀዋል? ብዙ ብሮከሮች ደግሞ ገና ስትመዘገብ በሚያስፈርሙህ ውል ውስጥ ያንን መብት እንድትተው ያደርጉሃል። ሃምሳ ገጽ ውል በስልክ እየተንሸራተተ ሲፈረም ማን ያነባል? «ነፃ ገበያ» ሲባል ሁለት ሰዎች የሚያውቁትን አውቀው ተስማምተው ሲገበያዩ ነው። አንዱ ዋጋውን እያየ ሌላው በጨለማ ሲፈርም ያ ገበያ ነፃ አይደለም። እዚህ ላይ መንግሥት ዋጋ ይቁረጥ አልልም። መብራቱን ያብራ ነው የምለው።

ጓደኛህ «ፍርድ ቤት አለ፤ የተበደለ ይክሰስ» ይልሃል። ለዚህ መልሱ ቃል አይደለም፤ አንድ ቀን የሆነ ነገር ነው።

ማርች 25 ቀን 1911፣ ቅዳሜ፣ ኒው ዮርክ። ትራያንግል የሚባል የሴቶች ሸሚዝ ፋብሪካ በአንድ ሕንፃ ስምንተኛ፣ ዘጠነኛና አሥረኛ ፎቅ ላይ ይሠራል። ሠራተኞቹ አብዛኞቹ ወጣት ሴቶች ናቸው፤ አይሁድና ጣሊያኖች፣ እንደ እኛ በስደት የመጡ። ሥራ ሊያበቃ ሲል እሳት ተነሳ። ዘጠነኛው ፎቅ ላይ አንደኛው የደረጃ በር ተቆልፎ ነበር። የእሳት አደጋ መሰላሉ ስድስተኛ ፎቅ ላይ ቀረ። 146 ሰው ሞተ። በርካቶቹ በመስኮት የወደቁ ናቸው።

ፖሊስ ነበር። ፍርድ ቤትም ነበር። ጓደኛህ የሚፈልገው መንግሥት በሙሉ ነበር ማለት ነው። ባለቤቶቹ ተከሰሱ፤ በሩ መቆለፉን ማወቃቸው አልተረጋገጠም ተብሎ በነፃ ተለቀቁ። ቤተሰቦች በፍትሐ ብሔር ከሰሱ። ከሦስት ዓመት በኋላ በ1914 ለአንድ ሟች 75 ዶላር ተስማሙ። ባለቤቶቹ ከኢንሹራንስ ያገኙት ከዚያ እጅግ ይበልጣል። በዚያ ሒሳብ የሰው ነፍስ ከመውጫ በር ትረክሳለች ማለት ነው። ገበያው አልቀጣቸውም። እንዴት ይቀጣል? ሸሚዝ የምትገዛ ሴት በሩ መቆለፉን በምን ታውቃለች?

ያን ቀን ከታች ቆማ የምታይ ፍራንሲስ ፐርኪንስ የምትባል ሴት ነበረች። በአካባቢው ሻይ ልትጠጣ ሄዳ ነው ጩኸቱን ሰምታ የወጣችው። ኒው ዮርክ በቀጣዮቹ ጥቂት ዓመታት ስለ እሳት መውጫ፣ ስለ በር፣ ስለ ሥራ ሰዓት ከ30 በላይ ሕጎች አወጣች። ፐርኪንስ በ1933 የሩዝቬልት የሠራተኛ ሚኒስትር ሆነች፤ በካቢኔ የተቀመጠች የመጀመሪያዋ ሴት። የሶሻል ሴኩሪቲ ሕግ በ1935፣ የዝቅተኛ ደሞዝ ሕግ በ1938 ሲወጡ እጇ ነበረበት። ዛሬ በአንድ መጋዘን ውስጥ ቀይ መብራት ያለበት መውጫ ስታይ ያ በር በራሱ አልተከፈተም።

ሌላም ነገር አለ። ትልልቅ ኩባንያዎች መንግሥትን አይፈልጉም የሚለው ነገር ትክክል አይደለም። የሚፈልጉት ለእነሱ የሚቆመውን መንግሥት ነው። በ2003 ሜዲኬር ለአረጋውያን የሐኪም ትዕዛዝ መድኃኒት እንዲሸፍን ሕግ ወጣ። እሰየው። ግን በዚያው ሕግ ውስጥ መንግሥት ከመድኃኒት ፋብሪካዎች ጋር ዋጋ እንዳይደራደር ተከለከለ። አስበው፤ መርካቶ ወርደህ በጅምላ ስትገዛ ዋጋ ጠይቀህ «ቀንስ» ማለት በሕግ ተከልክለሃል። ያ ክልከላ በከፊል የተነሳው በ2022 ነው። የመጀመሪያዎቹ አሥር መድኃኒቶች የድርድር ዋጋ የሚሠራው ከ2026 ጀምሮ ነው። ኤሊኩዊስና ጃርዲያንስ ከእነሱ ውስጥ ናቸው፤ እናቶቻችንና አባቶቻችን ቦርሳ ውስጥ የማያቸው መድኃኒቶች። ካሊፎርኒያ ውስጥ ደግሞ በ2020 የመተግበሪያ ታክሲና የዴሊቨሪ ኩባንያዎች ሹፌሮቻቸው ተቀጣሪ እንዳይባሉ የሚያደርግ ሕግ በሕዝብ ድምፅ ለማስጸደቅ ከ200 ሚሊዮን ዶላር በላይ አፈሰሱ። አሸነፉም። በ2008 ባንኮች ሲንኮታኮቱ ኮንግረስ 700 ቢሊዮን ዶላር ፈቀደ። ያኔ «መንግሥት እጁን ያንሳ» ያለ ባንክ አልሰማሁም። ስለዚህ የኩባንያው ጉልበት ሳይቀንስ የመንግሥትን ብቻ ብትቀንስ፣ የሚቀርልህ ነፃ ገበያ አይደለም። የኩባንያው ጠበቃ የጻፈው ሕግ ነው።

ወደ እህትህ ልምጣ። «በር ላይ ይሞት ነበር» ያለችው ማጋነን አይደለም። ኢንሹራንስ የሌለውን ታማሚ ከድንገተኛ ክፍል ወደ ሌላ ሆስፒታል መወርወር የተለመደ ነበር። በ1986 ነው ድንገተኛ ክፍል ያለው ሆስፒታል ማንንም መርምሮ ሳያረጋጋ እንዳይመልስ የሚያዝ ሕግ የወጣው። የፈረሙት ሮናልድ ሬገን ናቸው፤ የትንሽ መንግሥት ዋና ተሟጋች። እሳቸው እንኳ የሚሞት ሰው በር ላይ ይቅር አላሉም። እዚህ ላይ ከደረስክ ደግሞ ቀጣዩ ጥያቄ ስለ ወጪ ነው። ሰውየው ስኳሩ ጥሎት አምቡላንስ ከሚያመጣው አስቀድሞ በትንሽ ወጪ ቢታከም ይሻላል።

እህትህ የማታየው ግን ድጎማው ባንዴ የሚቋረጥበትን ገደል ነው። ቨርጂኒያ ከ2019 ጀምሮ ሜዲኬይድን፣ ገቢው ዝቅተኛ ለሆነ ሰው የሚሰጠውን የጤና መድን፣ አስፍታለች። ገቢህ ከድህነት ወለሉ 138 በመቶ ካለፈ ግን አዋቂ ሰው ይወጣል። እኔ ጋ መጥተው «ኦቨርታይም ልቀበል ወይስ ይቅርብኝ?» ብለው የሚጠይቁ እናቶች አሉ። ሃምሳ ዶላር ለመጨመር ብለው የብዙ መቶ ዶላር ሽፋን እንዳያጡ ይፈራሉ። ይህ ስንፍና አይደለም፤ ሒሳብ ነው። ሕጉ መሥራትን እየቀጣ ነው። መፍትሔው ግን ድጎማውን መቁረጥ አይደለም። ገቢ ሲጨምር ቀስ እያለ እንዲቀንስ አድርጎ መሥራት ይቻላል። የጓደኛህ ወገን ትልቁ ሊቅ ሚልተን ፍሪድማን ራሱ ያቀረበው ይህንኑ ነው፤ ገቢው ዝቅተኛ ለሆነ ሰው መንግሥት በታክስ በኩል ጥሬ ገንዘብ ይስጠው፣ ሲያገኝ ቀስ በቀስ ይቀንስበት። ከ1975 ጀምሮ ያለው የኧርንድ ኢንካም ክሬዲት፣ ገቢው ዝቅተኛ ለሆነ ሠራተኛ በታክስ በኩል የሚሰጠው ገንዘብ፣ የዚያ ሐሳብ ዘመድ ነው። ጓደኛህ ልጆች ካሉትና ገቢው ዝቅ ያለበት ዓመት ካለ፣ ሳያውቀው ተቀብሎት ይሆናል።

አንድ ነገር ደግሞ ጓደኛህ ሳይል አይቀርም፤ ከእኛ ሰው ብዙ ጊዜ እሰማዋለሁና። «እኛ እድር አለን፣ እቁብ አለን፣ ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ አለን። መንግሥት ምን ያደርግልናል?» ይላሉ። እድርን የሚንቅ ሰው አልወድም። እዚህ አካባቢ ሰው ሲሞት አስከሬን አገር ቤት እንዲገባ ያደረገው፣ ለቤተሰብ ምግብ ይዞ በር ያንኳኳው እድር ነው። የትኛውም መሥሪያ ቤት ያንን አያደርግም።

ግን እድር የሚሠራው ችግሩ ተራ በተራ ሲመጣ ነው። ዛሬ የእኔ፣ ከርሞ የአንተ። ማርች 2020 ግን ምን ሆነ? እዚሁ ቨርጂኒያ ያለው ደለስ ኤርፖርት ባዶ ሆነ። ታክሲ ነጂው ቆመ። ፓርኪንግ የሚሠራው ተበተነ። ምግብ ቤቱ ተዘጋ። አንድ እድር ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ በአንድ ሳምንት ሥራ ፈታ። ማን ለማን ያዋጣል? እቁብ የወጣለትም ቀሪውን መክፈል አቃተው። አሜሪካኖችም ይህን ቀምሰውታል። ከ1930ዎቹ በፊት ሚሊዮኖች የእኛን እድር የሚመስሉ ማኅበራት ነበሯቸው፤ ለታመመ ይከፍላሉ፣ ይቀብራሉ፣ ሐኪም ይቀጥራሉ። ታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ሲመጣ ከአራት ሠራተኛ አንዱ ሥራ ፈታ፤ በጥቂት ዓመት ውስጥ ወደ 9,000 ባንኮች ወደቁ። መዋጮውን የሚከፍለው ሰው ራሱ ተቸገረ። አደጋው አንድን ሰፈር በሙሉ ሲመታ፣ ከሰፈሩ የሰፋ ቋት ያስፈልጋል።

በዚያ በ2020 የጸደይ ወራት ቅጽ ስንሞላ የማልረሳው ነገር አለ። እስከዚያ ድረስ በመደበኛው ሥርዓት በራሱ የሚሠራ ሰው የሥራ አጥ ክፍያ አያገኝም ነበር። ማርች 27 የወጣው ሕግ ለእነሱም ፈቀደ፤ እስከ ጁላይ መጨረሻ ድረስ በሳምንት 600 ዶላር ተጨምሮበት። ሃያ ዓመት ከነዳ አንድ ሹፌር ጋር በስልክ ነው የምንነጋገረው። «የአሠሪ ስም» የሚለው ላይ ስንደርስ ዝም አለ። ከዚያ «እኔው ነኛ» አለኝ። ትንሽ ቆይቶ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ይሄ ልመና ነው እንዴ?» ብሎ ጠየቀኝ። በሕይወቱ ለማንም እጁን ዘርግቶ አያውቅም። ሃያ ዓመት ታክስ የከፈልክበት አገር ነው፣ አልኩት። የቤት ኪራዩን ከፈለ። ቤቱ ውስጥ ስምንት ሰው ነበር።

አሁን ራስህን ወዳመመህ ነገር። ያ ሴልፍ ኤምፕሎይመንት ታክስ የሚባለው 15.3 በመቶ ነው። 12.4 ለሶሻል ሴኩሪቲ፣ 2.9 ለሜዲኬር። ተቀጥረህ ስትሠራ 7.65 ከደሞዝህ ይቆረጥ ነበር፤ ሌላውን 7.65 አሠሪህ ይከፍል ነበር፣ አንተ ሳታየው። አሁን አሠሪውም ሠራተኛውም አንተ ስለሆንክ ሁለቱም ከአንተ ይወጣል። ግማሹ ከገቢህ ላይ ተቀናሽ ይሆናል፤ ታክስ የሠራልህ ሰው ማድረጉን ጠይቀው። ያሳመመህ ደግሞ አንድ ላይ ስለመጣ ነው። በዓመት አራት ጊዜ በኤፕሪል፣ በጁን፣ በሴፕቴምበርና በጃንዋሪ አጋማሽ ከፋፍለህ ብትከፍል ይቀልሃል፤ ቅጣትም አይመጣብህም።

ይህ ገንዘብ «ለማይሠራ» የሚሰጥ አይደለም። የሶሻል ሴኩሪቲ ጡረታ የሚከፈለው ሠርቶ ላዋጣ ሰውና ለቤተሰቡ ነው። የመጀመሪያዋን ወርሃዊ ቼክ በጃንዋሪ 1940 የተቀበለችው አይዳ ሜይ ፉለር የምትባል በቨርሞንት የቢሮ ጸሐፊ የነበረች ሴት ናት። ያዋጣችው በጠቅላላው 24 ዶላር ከ75 ሳንቲም፤ የመጀመሪያ ቼኳ 22 ዶላር ከ54። መቶ ዓመት ኖራ ከ22,000 ዶላር በላይ ወሰደች። ጓደኛህ «ይኸው፣ የሌላ ሰው ገንዘብ» ይላል። አዎ፣ የወጣቶቹ ነው። የዛሬ ወጣት ለዛሬ አረጋዊ ይከፍላል፤ ነገ ደግሞ ለእሱ ይከፈላል። እኛ ቤት ይህ አዲስ ነገር አይደለም፤ ልጅ አባቱን ይጦራል። እዚህ ልጅ የሌለውም ይጦራል። ቋቱ ችግር የለበትም አልልህም። የተጠራቀመው መጠባበቂያ በ2030ዎቹ መጀመሪያ ያልቃል ተብሎ ይገመታል፤ ያኔ ሕግ ካልተቀየረ በሚገባው መዋጮ መክፈል የሚቻለው ከሦስት አራተኛው ትንሽ በላይ ነው። በ2025 መዋጮው የተቆረጠው እስከ 176,100 ዶላር ድረስ ባለው ገቢ ላይ ብቻ ነበር። ሚሊዮን የሚያገኘው ሰው ከጣሪያው በላይ ባለው ላይ ለሶሻል ሴኩሪቲ አይከፍልም። እኔ ብጠየቅ ከዚያ እጀምራለሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ የ66 ዓመት አባት መጡ። ከሃያ ዓመት በላይ ታክሲ ነድተዋል። ጡረታ ልውጣ አሉኝ። መዝገባቸውን ስንከፍት 31 ክሬዲት (መዋጮ በተከፈለበት ገቢ የሚጠራቀም ነጥብ) ብቻ ነበር። ጡረታ ለማግኘት 40 ያስፈልጋል። የቀድሞ ታክስ ሠሪያቸው በየዓመቱ ወጪያቸውን እያበዛ ትርፋቸውን ወደ ዜሮ ያወርድላቸው ነበር፤ እሳቸውም ታክስ ስላልመጣባቸው ይመርቁት ነበር። ጎበዝ ሠሪ አገኘሁ ብለው ለጓደኞቻቸውም ነግረዋል። ወረቀቱን ይዘው ረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ ሁለት ዓመት ተኩል ገደማ እንደገና ነዱ፤ በዚያ ወገባቸው።

በ2025 አንድ ክሬዲት የተገኘው በ1,810 ዶላር ገቢ ነበር፤ በዓመት ከአራት አይበልጥም። ዛሬ ማታ ትራኩን አቁመህ የሶሻል ሴኩሪቲ ድረ ገጽ ላይ የራስህን አካውንት ክፈት። የእያንዳንዱ ዓመት ገቢህ በትክክል መግባቱን እይ፤ የጎደለ ካለ ዳብሊው ቱህን፣ አሠሪህ የሰጠህን የዓመት ደሞዝ ወረቀት፣ ይዘህ ቶሎ አመልክት። እሁድ ቡና ላይ ለጓደኛህም ስልኩን አውጥቶ እንዲያይ ንገረው። እሱም ስንት እንዳለው ይወቅ።